በበዓል ቀን የዋለው ሒሳብ

ቢላ በምትባለው መንደራችን ጳጉሜን ሲገባ ጉሙ ከቡናው ሥር ተነስቶ በራፋችን ድረስ ይመጣል። መንጋቱን የምናውቀው በብርሃኑ ሳይሆን ዶሮዎቹ ከቆጡ ሲወርዱ ነው። የልጆቼን የትምህርት ዓመት ያቀድኩት በአንዱ ጳጉሜን፣ ጉሙ መስኮቱን ሞልቶት፣ ጣቶቼ በቀለም ርሰው ነው። ያን ዓመት መለስ ብዬ ሳስበው የትኛውን እንዳየሁ፣ የትኛውን እንዳለምኩ የማልለየው ብዙ ነገር አለ። የሠራሁትን ተንኮል ግን አሳምሬ አስታውሳለሁ።

ባሌ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር፤ የዚያው አገር ልጅ፣ እሱም እናቱም ከሚሲዮን ጸሎት ቤት የማይጠፉ። እኔ ነቀምቴ ያደግሁ፣ ከጎጃም የመጡ የደብተራ ልጅ ነኝ። ጋብቻችን ሁለቱንም ወገን አስደንግጦ ነበር፤ ልጆች ሲወለዱ ግን ሁሉም ለመደው። ጊዜው የጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ትምህርት ቤት ገና እኛ ዘንድ አልደረሰም። በሰፈሩ ስድስተኛ ክፍል የጨረስኩ ሴት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሦስቱን ልጆቼን ቤት ውስጥ አስተምራለሁ። ትልቋ ስምንት ዓመቷ፣ ወንዱ ስድስት፣ ትንሿ አራት ነበሩ።

በዚያ ክረምት አንድ ቀን ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ተቀምጠን ሳለ ባሌ ወሬውን ጀመረ።

“ለከርሞ መስከረም ትልቋ ነቀምቴ ሄዳ ትፈተን” አለኝ። “ለአራተኛ ክፍል ካለፈች እኅቴ ቤት ተቀምጣ ትማር። ካላለፈች አንድ ዓመት አንቺው ዘንድ ትቆያለች።”

“ገና ሕፃን ናት እኮ።”

“ሕፃን ናት፤ ግን ጎበዝ ናት። ያስተማርሻት አንቺ አይደለሽም እንዴ?”

በሙገሳ አፌን ዘጋኝ። ነቀምቴ በበቅሎና በጭነት መኪና ሁለት ቀን ያስኬዳል። ትልቋ ልጄ ደግሞ የጆሮዬን ጫፍ ሳትይዝ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። ያንን እጅ ለማንም እኅት አሳልፌ መስጠት አልፈለግሁም። ይህን አውጥቼ ለመናገር ግን አፈርኩ። ልጇን ከትምህርት የምታስቀር እናት ምን ትባላለች?

መጀመሪያ የመጻሕፍቱ ምርጫ መጣ፤ ቤቱም ሸንጎ ሆነ። አባቴ ከነቀምቴ የፊደል ገበታ ልከው፣ ልጅ ፊደሉን ቆጥሮ ንባብ ከጀመረ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው የሚል መልእክት አስከትለዋል። ባሌ ነቀምቴ ካለ አስተማሪ ወዳጁ ያረጁ የትምህርት ቤት መጻሕፍት አስመጣ፤ አንድ የአማርኛ ማንበቢያ፣ አንድ ሽፋኑ የወለቀ ሒሳብ፣ አንድ ደግሞ ዝንብ በትልቁ የተሳለችበት የጤና መጽሐፍ። ትንሿ ልጄ ዝንቧን ካየች ወዲህ ሌላ መጽሐፍ አላይም አለች። ወንዱ የሚፈልገው ሥዕል የሌለበትን ነው፤ ምክንያቱን ስጠይቀው “ቶሎ ያልቃላ” አለኝ። መጻሕፍቱን ምንጣፍ ላይ ዘርግቼ ገለጥ ከደን ሳደርግ፣ የዝናቡ ድምፅ በቆርቆሮው ላይ እየረዘመ፣ ያልኖርኩት ዓመት በገጾቹ መካከል የተጣጠፈ ይመስለኝ ነበር።

አብረውን የሚኖሩት አማቴም መጡ። ልጆቹም እኔም አዮ ነው የምንላቸው፤ በዚያ አገር ለእናት የሚባል ነው። በጨርቅ የጠቀለሉትን የኦሮምኛ መዝሙር መጽሐፋቸውን ይዘዋል። የታተመው በራሳችን ፊደል ነው።

“ይሄም ፊደል ነው፣ ኢንታላ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “በሚያልሙበት ቋንቋ ቢያነቡ ምን ይላል?”

“ፈተናው ላይ ኦሮምኛ አይጠየቅም፣ አዮ።”

ሐቅ ነው፤ በዚያ ዘመን ኦሮምኛ በትምህርት ቤት ቦታ አልነበረውም። አነጋገሬ ላይ ግን የደብተራ ልጅነቴም ነበረበት፤ የሚሲዮን መዝሙር ከልጆቼ አፍ እንዲወጣ ሆዴ አልፈቀደም። አዮ መጽሐፉን ቀስ ብለው ጠቀለሉና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ፊደሉን ከአባቴ፣ ቀሪውን ከትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ይዤ፣ ምርጫው አለቀ አልኩ።

አስተማሪው ወዳጃችን ከመጻሕፍቱ ጋር አጭር ደብዳቤ ልኮ ነበር። ማንበብና መጻፉ መልካም ነው፣ ፈታኞቹ ግን አጥብቀው የሚይዙት ማባዛትን ነው ይላል። እስከ ዐሥር ያለውን ማባዣ በቃሏ የማታውቅ ልጅ አራተኛ ክፍል አትገባም። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሐሳቡ የመጣልኝ ሁለተኛ ሳነበው ነው።

ባሌ ከመሥሪያ ቤቱ የተጣሉ ትልልቅ ወረቀቶች አመጣልኝ፤ ፊታቸው የተጻፈበት፣ ጀርባቸው ንጹሕ። በዱቄት ሙጫ አያያዝኳቸውና ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያለውን እያንዳንዱን ቀን አሰመርኩለት። ንባቡን በሰማያዊ ቀለም ጻፍኩ፣ ሒሳቡን በቀይ። መደመርና መቀነስ በተራ ቀን ዋሉ። ማባዛትን ግን በዐሥራ ሁለት፣ በዐሥራ ስድስት፣ በሃያ አንድ፣ በሃያ ሰባት ላይ አዋልኩት። ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም። የደብተራ ልጅ በዓል አይሳሳትም። በእነዚያ ቀኖች ሳይነጋ ነጠላዬን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ከሰዓት ስመለስም ሥራ የሚባል አልነካም፣ አላስተምርም። ባሌ ደግሞ የትኛው ቀን የማን እንደሆነ አያውቅም፤ ለእሱ ከእሑድ በቀር ቀን ሁሉ ቀን ነው።

ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ስለጥፈው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ አየው።

“ቀዩ በዛ” አለኝ። “ልጅቷ እንዳትሰለች።”

“አይዞህ፣ ትችለዋለች።”

ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይባላል። እሱ ግን ብልጥ ሆኖ አልቀረበኝም፤ የሚያምነኝ ሰው ነበር። ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

ከዚያ ዓመቱ ጀመረ። መስከረም ላይ ዳገቱ ቢጫ ሆነ፤ ልጆቹ ደጃፉ ላይ በርጩማ ደርድረው ይቀመጣሉ፣ ትልቋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፣ ወንዱ በቀዩ አፈር ላይ በእንጨት ሀ ይጽፋል፣ ዶሮ መጥታ ትረግጥበታለች፣ እንደገና ይጽፋል። በኅዳር ቡናው ቀላ፤ ሁሉም ለለቀማ ሲወጣ ትምህርቱ ከዛፍ ዛፍ እየተዘዋወረ ቀጠለ፤ እኔ ከአንዱ ቡና ሥር ቃል እጠራለሁ፣ እሷ ከሌላው ሥር ፊደሎቹን ትነግረኛለች። ቅጠሉ ስለሚከልለን ድምፅዋን እንጂ እሷን አላይም። በመጋቢት አንድ ዝናብ ጣለና ቡናው ሁሉ በማግስቱ ነጭ አበባ ለብሶ ጠበቀን፤ ሽታው ቤት ገብቶ ደብተሩ ላይ ሳይቀር ተኛ። ትንሿ ልጄ ዝንቧን ታቅፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያም በፊት ሆነ ከዚያ ወዲያ አላገኘሁም፤ የምሰርቀው ቀን ስለነበር ይሆናል እንዲያ የጣፈጠኝ።

አንዳንዴ ሕሊናዬ ይቆነጥጠኛል። ቀዩን ወደ ተራ ማክሰኞ ላዛውረው ብዬ ብዕር አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ በእኛ ቤት ሁለቱም ነበሩ።

በበዓል ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቁርበቱ ላይ የቡና ፍሬ ተደርድሮ አገኝ ነበር፤ ሰባት ሰባት ሆኖ፣ ሌላ ቀን ስምንት ስምንት። ገበጣ ሲጫወቱ ውለው መስሎኝ ሰብስቤ ቁና ውስጥ እመልሰዋለሁ። ትልቋ ልጄ ደግሞ ውኃ ስትቀዳም ጫማዋን ስታጥብም አንድ ዜማ ማንጎራጎር አበዛች። ዜማው ከአዮ መዝሙር መሆኑን እንዳወቅሁ ቅር አለኝና ጆሮዬን መለስኩ። ቃሉ ምን እንደሚል ጠጋ ብዬ አልሰማሁም። ያለመስማቴንም እንደ ትዕግሥት ቆጥሬው ራሴን አመሰገንኩ።

ዓመቱ ዞሮ መስከረም መጣ፤ የፈተናውም ቀን ደረሰ። ባሌ ሥራ አልለቀው ስላለ፣ ሁለቱን ትንንሾች ከእሱ ጋር ትቼ ትልቋን ይዤ ወደ ነቀምቴ ወጣሁ። አዮም ሴት ልጃቸውን ለማየት አብረውን መጡ።

ፈተናው የቃል ነበር። ወላጅ ደጅ ቆሞ በመስኮት ይሰማል። ፈታኙ አስተማሪ ከረባት ያሰረ፣ የኮቱ እጅጌ በጠመኔ የነጣ፣ ትሑት ሰው ነው። አንብቢ አላት፣ እንደ ውኃ አነበበችለት። ጻፊ አላት፣ ጻፈች። የእኔ ልጅ ናት ብዬ ለአጠገቤ ሰው ሁሉ ልናገር ምንም አልቀረኝም።

“ሰባት ጊዜ ስምንት?” አላት።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ አልኩ። አለቀ። ነገ አብረን እንመለሳለን፣ መንገድ ላይ ሙዝ እገዛላታለሁ፣ አንድ ዓመት ሙሉ የእኔ ናት። ልጄ ዓይኗን ጨፈነች። እግሯ ወለሉን ቀስ እያለ ይመታ ጀመር። ከዚያ ያ ዜማ፣ ጆሮዬን የመለስኩበት ዜማ፣ ከከንፈሯ ሥር ተሰማ፤ አሁን ቃሉም ተሰማኝ። “ቶርባ፣ ኩዳ አፉር፣ ዲግደሚ ቶኮ...” ሰባት፣ ዐሥራ አራት፣ ሃያ አንድ እያለች በኦሮምኛ ወደ ላይ ትወጣለች።

“ሃምሳ ስድስት” አለች፣ በአማርኛ።

“ዘጠኝ ጊዜ ስድስት?”

“ሃምሳ አራት።”

አስተማሪው እስከ ዐሥር ድረስ እያዘበራረቀ ጠየቃት። አንድም አልሳተችም። ዞር ስል አዮ አጠገቤ ቆመው ከንፈራቸው ከልጅቷ ከንፈር ጋር እኩል ይንቀሳቀስ ነበር። ልጄ አለፈች ብላ ያዘነች እናት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በማግስቱ ከባሌ እኅት ቤት ለመሰናበት ስወጣ ልጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር ገመድ ትዘላለች። ጠራኋት፤ ሮጣ መጥታ ሳመችኝና ተራዋ እንዳያልፋት ተመልሳ ሮጠች። እስከ መታጠፊያው ድረስ ወደ ኋላ እያየሁ ሄድኩ። ዞር ብላ አላየችኝም።

ከጭነት መኪናው ወርደን በቅሎዎቹን ያዝን። ዳገቱን ስንጀምር አላስችል አለኝ።

“አዮ፣ ማባዛቱን ያስተማሯት እርስዎ ነዎት?”

“ታዲያ ማን ሊያስተምራት ኖሯል?” አሉኝ ገርሟቸው። የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነው። “አንቺው ጽፈሽው የለም? መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ኋላ መነጽሬን አድርጌ ሳየው፣ አንቺ ቤተ ክርስቲያን በምትሄጂበት ቀን ሁሉ ቀይ አለ፤ ከባዱ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ለካ የእኔን ድርሻ ለይታ ጽፋልኛለች አልኩ። የሒሳብ መጽሐፉን እኔ አልችለውም። በቡና ፍሬ ደረደርነው፣ በማውቀው ዜማ ያዝነው።”

“ምነው ሳይነግሩኝ?”

“የሰጡኝን ሥራ ሳልጨርስ ማውራት አልወድም።” በቅሏቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። “በዕድሜዬ ሙሉ፣ ታስተምራለች ብሎ ልጁን ያመነኝ ሰው የለም። ልጄ እንኳ አላደረገውም። አንቺ ነሽ ያከበርሽኝ፣ ኢንታላ ኮ።”

እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

“ኤዬ፣ አዮ” አልኩ፤ አዎ ማለቴ ነው። “ለእርስዎ ብዬ ነው የጻፍኩት።”

ከዚያ እንባዬ መጣ፤ ላቆመው ብል አልቆም አለ። ልጄ ናፍቃኝ መስሏቸው በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ።

“አይዞሽ” አሉኝ። “ገና ሁለት አሉን። የዘንድሮውን ወረቀት መቼ ነው የምትጽፊው?”