ማንም የማይቀየምበት ወንበር

ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ቦሌ ውስጥ አንዲት ጠባብ ቢሮ ተከራይተን ለነጋዴዎች የኮምፒውተር ፕሮግራም እንሠራ ነበር። አለቃዬ ደንበኛ የጠየቀውን ሁሉ «ይቻላል» ይላል፤ እንዴት እንደሚቻል ማሰቡ ለእኔ ይተርፋል።

አንድ ቀን ጉርድ ሾላ አካባቢ የሠርግ አዳራሽ ወደሚያከራዩ ሴትዮ ላከኝ።

«ለኮምፒውተሩ የተጋባዦቹን ስም ስነግረው፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ራሱ ይወስንልኝ» አሉኝ። «ማንም ሳይቀየም።»

«ማንም?»

«ማንም። አለቃህ ይቻላል ብሎኛል።»

አይቻልም ብል አለቃዬን ማዋረድ ነው፤ ይቻላል ብል ደግሞ ጉዱ የእኔ ነው። «እሺ እትዬ» አልኩ፣ «ግን ማሽኑ የሚያውቀው የነገርነውን ብቻ ነው። እስቲ በእርስዎ ዘመዶች እንሞክረው።»

ሐሳቡን ወደዱት። ባለቤታቸውም ወንበር ስበው አጠገባችን ተቀመጡ። ይሄኔ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝና ውስጥ ውስጡን ሳቄ መጣ።

«ከእርስዎ አጎትና ከጋሼ ታላቅ ወንድም ማን ይቅደም?»

«አጎቴ ነዋ፤ ያሳደገኝ።»

«ወንድሜስ በር ላይ ሊቀመጥ ነው?» አሉ ባልየው።

«የልጃችንን ክርስትና ጥሎ የሄደው ማን ሆነና?»

«የቀዘቀዘ ወጥ ስለሰጣችሁት ነው የሄደው።»

ፊቴን ኮስተር አድርጌ «ወጡንም ላስገባው?» አልኩ። ተራው አክስቶች ጋ ሳይደርስ ባልየው ኮታቸውን አንስተው ወጡ።

ሴትዮዋ በሩን አየት አድርገው፣ «ይቅር» አሉ። «የጠረጴዛውን ቁጥር እኔው እነግረዋለሁ፤ እሱ የጥሪ ካርዱ ላይ ብቻ ያትምልኝ።» ያንን በዚያው ሳምንት ሠርቼ አስረከብኳቸው።

ከወራት በኋላ የጓደኛዬ ሠርግ እዚያው አዳራሽ ሆነ። አንድ አዛውንት ኩሽናው በር ሥር ተመድበው ኖሮ፣ ካርዳቸውን ይዘው ሴትዮዋ ፊት ቆመዋል።

«እኔ ምን ላድርግ፣ አባባ?» አሉ ሴትዮዋ አንጀት በሚበላ ድምፅ። «የመደበዎት ኮምፒውተሩ ነው። ካላመኑኝ የሠራው ልጅ ያውልዎ።» ወደ እኔ ጠቆሙ።

አዛውንቱ መጥተው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ። እኔም ተነስቼ ወንበሬን ለቀቅኩላቸውና ኩሽናው በር ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ። ክፉ ቦታ አልነበረም፤ ወጡ ሁሉ መጀመሪያ በእኔ በኩል ያልፋል።