የኦድራ ባል መዶሻ

ኦድራ ጎረቤቴ ናት። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ስታስነጥስ ይማርሽ የምላት እኔ ነኝ። ሥራዋ አንጥረኝነት ነው፤ ከተራራው ግርጌ ለሚኖሩት ረጃጅሞች ማጭድ ትሠራለች። ቁመቷ እንደማናችንም ከረጃጅሞቹ ወገብ አያልፍም። ምላሷ ግን ከሁላችንም ይረዝማል።

ከረጃጅሞቹ ጎን ተሰልፈን የተዋጋነው ጦርነት ካበቃ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነው። አሸንፈናል ይላሉ። ማን እንዳሸነፈ ማየት የፈለገ ሸለቆውን ወርዶ ይይ፤ ረጃጅሞቹ በየቤታቸው ስድስት ሰባት ልጅ እየወለዱ አጥራቸውን ወደኛ ይገፋሉ። ከጫካዎቹ ሾጣጣ ጆሮዎች የቀሩት ሁለት እህትማማቾች ናቸው። ከግዙፎቹ አንድ ሽማግሌ ተርፎ ድልድይ ይጠብቃል። እኛ ድንኮቹ ዘጠኝ ሺህ ነበርን፤ አሁን በመዝገብ ሦስት መቶ ነን። በመዝገብ ነው ያልኩት።

በኛ ዘንድ ሙሽራ በሠርጓ ቀን የባሏን መዶሻ እጀታ ትነክሳለች። እንጨቱ እርጥብ ስለሆነ ጥርሷ ይታተምበታል። ጦርነት የሄደ ወንድ ሞተ የሚባለው ያ መዶሻ ቤቱ ሲመለስ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ስሙ ሲጠራ ሚስቱ "አለ" ትላለች። ሰላም ሲወርድ ረጃጅሞቹም ይህን ወግ ተቀብለው ውሉ ውስጥ አስገቡት። እዚያው ውል ላይ ግን ከሦስት መቶ ነፍስ በታች የቀረበት ተራራ ለነሱ ይሁን ተባለ። በየዓመቱ መኸር ላይ ጸሐፊያቸው መጥቶ ይቆጥረናል። ዘንድሮ ሁለት ሽማግሌዎች ቀብረን፣ አንድም ልጅ ሳይወለድልን፣ ልክ ሦስት መቶ ላይ ቆመናል።

ለቆጠራው አምስት ቀን ሲቀረው ኦድራ በሬን በእግሯ ከፍታ ገባች። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

"እትዬ ቱርጋ፣ እስቲ ፍቺው።"

ፈታሁት። መዶሻ ነው። እጀታው ላይ የጥርስ ምልክት አለ፤ መሃሉ ክፍት ነው። ኦድራ የፊት ጥርሷን ያጣችው ገና በልጅነቷ ነው።

"ከየት አመጣሽው?"

"ሬቪክ ከወንዙ በመረብ አወጣው።"

ሬቪክ ከረጃጅሞቹ ወገን ነው፤ ጀልባ ቀዛፊ ነው፣ ሚስቱ ሞታበታለች። ማጭዶቿን የሚያሻግርላት እሱ ነው።

"'ከአሁን በኋላ ነፃ ነሽ' አለኝ። የመጀመሪያው በረዶ እስኪጥል ይጠብቀኛል። እሄዳለሁ እትዬ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሞተ ሰው ራት አቀረብኩ። በቃኝ።"

"ከዚያ ሰውዬ ጋር? ሲስምሽ መሰላል ሊያቆምልሽ ነው?"

"እሱ ጎንበስ ይላል። የኛዎቹ መች ጎንበስ ማለት ያውቃሉ።"

ሳቅኩ። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም።

"አንቺ ስትሄጂ ሁለት ስም ነው የሚጎድለው፤ ያንቺና የባልሽ" አልኳት።

"ይጉደላ። ተራራውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ እንዴ?"

 ዝም ብላት ይሻል ነበር። እኔ ግን ተንበርክኬ ከአልጋዬ ስር የባሌን መዶሻ ጎትቼ አወጣሁ፤ የራሴን የጥርስ ምልክት አሳየኋት።

በጣቷ ዳሰሰችው።

"መቼ መጣ?"

"አሥራ አንድ ዓመቱ።"

"ጋሼ ኤልዶር እኮ..."

ኤልዶር ዘንድሮ ከቀበርናቸው ከሁለቱ አንዱ ነው። ላግባሽ እያለ ስምንት ዓመት ለምኖኛል። ባሌ እያለ እንዴት ተብሎ እያልኩ መለስኩት።

"አዎ፣ ሳያውቅ ሞተ" አልኳት።

መዶሻዋን ጠቅልላ ወጣች።

በቆጠራው ቀን አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ቆምን። ጸሐፊው የወንድ ስም በጠራ ቁጥር የሚመልሰው የሴት ድምፅ ነው። አለ። አለ። አለ። ኦድራ አንገቷን እያዞረች የምትመልሰውን ሁሉ ታያለች፤ ሴቶቹ ደግሞ መልሰው ሲያበቁ መሬት መሬት ያያሉ። የኔም ባል ተጠራ። "አለ" አልኩ።

"ብራክ፣ የኦድራ ባል" አለ ጸሐፊው።

 ጸሐፊው ከመዝገቡ ቀና አለ። "ብራክ?"

እጇን ያዝኩ። ይቅር ይበለኝና አጥብቄ ያዝኩት።

"አለ" አለች።

ሦስት መቶ ሞላን። ተራራው ተረፈ ብለው ጠጅ ቀዱ። እኔ አልወረደልኝም፤ በሩን የዘጋሁባት እኔ ነኝና።

የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ማግስት ሬቪክ ራሱ መጣ። በሮቻችን ዝቅ ያሉ ስለሆኑ እጥፍ ብሎ ደፏ ላይ ቆመ። በግድግዳው በኩል ሁሉንም ሰማሁ።

"ኦድራ፣ ጀልባው ዝግጁ ነው። ወንዙ በረዶ ሳይሆን እንሂድ።"

"ባሌ ቤት ነው" አለችው።

"መዶሻውን በገዛ እጄ ሰጥቼሽ?"

"የምን መዶሻ?"

 ከዚያ በረዶውን እየረገጠ ሲወርድ ተሰማኝ። በሩ ተዘጋ። ቆየት ብሎ ኦድራ ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ሳህን ስታስቀምጥ ሰማሁ።