ከስብሰባው በፊት የተተየበ ቃለ ጉባኤ

ሥራ በጀመርኩበት ዕለት መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ገና ያልተደረገ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ መተየብ ነበር።

ደብረ ታቦር ውስጥ የከተማውን ትራንስፖርት የሚመለከት መሥሪያ ቤት ነው። የመሥሪያ ቤቱንም የሰዎቹንም ስም አልጽፍም። የሚያውቁ ያውቃሉ፤ ለማያውቁት ስሙ አይጠቅማቸውም። የተቀጠርኩት በጸሐፊነት ነው። ባጃጅ ወደ ከተማችን ከገባ ብዙም አልቆየም ነበር። የት ይቁም፣ የት አይቁም የሚለው ገና እየተወሰነ ነበር።

የዕቅድ ክፍሉ ኃላፊ በእጁ የጻፈውን ሁለት ገጽ ሰጠኝ። ይህን ሰው ከዚህ በኋላ «አለ» እያልኩ እጽፋለሁ። አንቱታውን በሥራ ዘመኔ ጨርሼለታለሁ።

ገጹን አንብቤ፣ «ጌታዬ፣ ይህ ስብሰባ ነገ አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«ነው።»

«ነዋሪዎቹ በሙሉ ድምፅ ተስማሙ ይላል።»

«ይስማማሉ። አንቺ ጻፊው፤ ነገ የሚቀረው ፊርማ ነው።»

ጻፍኩት። ከላይ በቀኝ በኩል «ቀን» የሚል ቦታ ነበር። ምን እንደሚሞላበት የነገረኝ ስላልነበረ የዚያን ዕለቱን ቀን ሞላሁ። ማንም ልብ አላለውም። በማግስቱ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተደረገ፤ ወረቀቱ በየወንበሩ ዞረ። እኔም «የቃለ ጉባኤው ጸሐፊ» ከሚለው ሥር ፈረምኩ።

በዚያ ቃለ ጉባኤ የተወሰነው ነገር አንድ ነው፦ ከመናኸሪያው ወደ ሆስፒታሉ በሚያወጣው ዳገት ላይ ባጃጅ በመስመር እንዳይጭንና እንዳይቆም። ምክንያቱ መጨናነቅ ነው ተባለ። በኮንትራት የያዘ ብቻ ቀጥታ እንዲወጣ ተፈቀደ። እንግዲህ ባጃጁን ብቻውን የሚይዝ ተቀምጦ ይወጣል፤ ከሰው ጋር ተጋርቶ የሚሳፈረው በእግሩ ይወጣል ማለት ነው። እኔ ያኔ ይህን አላሰብኩም። ሥራ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤቴም ከዳገቱ በታች አልነበረም።

ከጸሐፊነት ወደ መዝገብ ቤት፣ ከመዝገብ ቤት ወደ ኅብረተሰብ ተሳትፎ ባለሙያነት የደረስኩት እየሠራሁ ተምሬ ነው። በዕድገት ሁለት ጊዜ ታልፌአለሁ። አንደኛውን ጊዜ ቦታውን ያገኘው ደብዳቤ አጻጻፍ ያስተማርኩት ሰው ነው። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «መምህሬ» ይለኛል። ሰላምታውን እመልሳለሁ፤ ከዚያ ሌላ የምሰጠው ነገር የለኝም። የዕቅድ ክፍል ኃላፊው ደግሞ በእነዚያ ዓመታት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሆነ።

የተሳትፎ ስብሰባ በእኛ ቤት እንዲህ ነበር። ለቀበሌ ደብዳቤ ይጻፋል። ቀበሌ ሁልጊዜ የሚልካቸውን ሰዎች ይልካል። ማን የትኛው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሳይቀር አውቅ ነበር። ካርታው ግድግዳ ላይ ይታያል። አንድ ሽማግሌ ይመርቃሉ፣ አንድ ሰው ያመሰግናል፣ ይጨበጨባል፣ ሻይ ይጠጣል። ዳገቱን በእግራቸው የሚወጡት ሰዎች በዚያ ሰዓት ዳገቱ ላይ ናቸው።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ አዲስ የመስመርና የመቆሚያ ዕቅድ ይዘጋጅ ተባለ። መሐንዲስ ከሌላ ከተማ መጣልን። ወጣትና ትሑት ሰው ነው፤ በእሱ ቂም የለኝም። ያዘጋጀው ካርታ ላይ መቆሚያዎቹ እኩል እኩል ተራርቀው ተቀምጠዋል። የሆስፒታሉ ዳገት ላይ ግን አንድም የለም፤ የድሮው ክልከላ «በነዋሪው ስምምነት የጸና» ተብሎ እንዳለ ተወስዷል። ካርታው ላይ ዳገቱም ሜዳ ይመስላል።

ስብሰባው ለቅዳሜ ተጠራ። ኃላፊውን፣ «ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ሰው አይመጣም» አልኩት።

«ሥራ የሌለው ይመጣል።»

«የምንፈልገው ሥራ ያለውን አይደለም እንዴ?»

«ወይዘሮ ብርቄ፣ አንቺ ሻይና ብስኩቱን ተቆጣጠሪ።»

ሻይና ብስኩቱን ተቆጣጠርኩ። በስብሰባው መካከል በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው ሲጮህ መሐንዲሱ ንግግሩን አቋረጠ። በሩ ተከፈተና አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ከረጢት ድንች በጀርባቸው እንዳዘሉ ገቡ። «እንደምን ዋላችሁ፤ እስኪያባራ ነው» ብለው ኋላ በኩል ከረጢቱን አውርደው ተቀመጡበት። ወይዘሮ የሺ ይባላሉ። ከጉና በኩል ወርደው ከተማው ዳር ከሰፈሩ ቆይተዋል። ድንች እየሸጡ ነው የሚኖሩት።

ካርታውን ትንሽ አዩና ወደ እኔ ዘወር አሉ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ባጃጅ የሚቆምበት ቦታ ነው እማማ።»

«የሆስፒታሉ ዳገት የቱ ነው?» አሳየኋቸው። ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ፣ «እዚህማ ምንም የለም። ሰው የሚደክመው እዚህ አይደለም ወይ?» አሉ።

ኃላፊው ሰማቸው። «እናቴ፣ አስተያየት በጽሑፍ ነው የምንቀበለው።»

«በምን ልጻፈው ልጄ፣ በድንቹ?»

አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊውም ሳቀና «ሌላ አስተያየት» አለ። እኔ በራሴ ደብተር ላይ ቃል በቃል ጻፍኩት። በቃለ ጉባኤው ረቂቅ ውስጥ ሳስገባው ኃላፊው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። «ይህ ወሬ ነው፤ አስተያየት አይደለም» አለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ገበያው የሚወጡበት ዳገት ሥር ሄጄ ወይዘሮ የሺን ጠበቅኋቸው። እዚያ ባጃጇን አቁማ ስንዱ ነበረች። ስንዱ ዐረብ አገር ሠርታ ይዛ በተመለሰችው ገንዘብ ባጃጅ የገዛች ልጅ ናት።

«እትዬ ብርቄ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትከለክሉ መጣችሁ?» አለችኝ።

«ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«አይ፣ መጠየቅ ከጀመራችሁስ። ሰው አገር ያን ሁሉ ዓመት ስሠራ አንድ ቀን ሕግ አልጣስኩም። አገሬ ገብቼ አንዲት አሮጊት ዳገቱ ላይ ባሳፍር ታርጋዬን ፈትተው ወሰዱት።»

ወይዘሮ የሺ ደረሱ፤ አብሬያቸው ወጣሁ። ያን መንገድ በመሥሪያ ቤት መኪና ስመላለስበት ዓመታት ሆነውኛል፤ ድንጋዮቹን ያየሁት ግን የዚያን ዕለት ነው። ዳገቱ ላይ አራት ቦታ ወገብ የሚደርሱ ድንጋዮች አሉ። ሸክም ያዘለ ሰው ጀርባውን ወደ ድንጋዩ ይሰጥና ገመዱን ሳይፈታ ከረጢቱን ያሳርፋል። መሬት ላይ ከተቀመጠ ሰው ካላነሣው አይነሣም። የድንጋዮቹ አናት በከረጢት ብዛት ለስልሶ ያብለጨልጫል። ሦስተኛዋን፣ ከሆስፒታሉ በር ዝቅ ብላ ያለችውን፣ «እፎይ» ይሏታል።

ወይዘሮ የሺ ሁለተኛዋ ላይ አረፉ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠብቄ፣ «ሁልጊዜ እዚህ ያርፋሉ?» አልኳቸው።

«እኔ እንኳ እፎይ ድረስ እችላለሁ። እዚህች የማርፈው ለባለቤቴ ብዬ ነው።» ከዚያ እንደ ተራ ነገር ነገሩኝ። «ሳንባውን ታሞ በየሳምንቱ ሆስፒታል ይታይ ነበር። ባጃጅ ከሌላ ሰው ጋር እየጫነ እፎይ ጋ ያወርደን ነበር። ከለከሉት። ከዚያ በእግር ሆነ። መጀመሪያ በአራቱም እያረፈ ይወጣ ነበር። አንድ ቀን እዚህች ተደግፎ፣ ‹የሺ፣ ከዚህ በላይ አልወጣም፤ እንመለስ› አለኝ። ተመለስን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አልወጣም። ዓመት ሳይሞላው ቀበርነው።»

እሳቸው ግን አልጨረሱም። «ማነው የከለከለው ብዬ ጠየቅሁ። ነዋሪው ተስማምቶ ነው አሉኝ። እኔም ነዋሪ ነኝ፤ የጠየቀኝ የለም።»

እስክሪብቶ በእጄ ነበር። አልጻፍኩም። ጉዳይ አለብኝ ብዬ ወረድኩ።

ሰኞ ጠዋት የአዲሱ ዕቅድ ቃለ ጉባኤ ለፊርማ ቀረበልኝ። ለምክር ቤት የሚሄድ ስለሆነ ያለ ጸሐፊዋ ፊርማ አይሄድም። «አልፈርምም» አልኩ። ኃላፊው መጀመሪያ የቀለድኩ መሰለው።

«ምን ጎድሎት ነው?»

«የተናገረ ሰው ተሰርዟል። በዳገቱ የሚሄደው ሰው ደግሞ አልተጠራም።»

በሳምንቱ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። የዝውውሩ ደብዳቤ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ይላል። ኃላፊው በቃል፣ «አንቺ ወረቀት ትወጃለሽ» አለኝ። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው እስኪመደብ ድረስ ሰነዱ ቆመ። እኔን ወደ መዝገብ ቤት በመላኩ ግን ተሳሳተ።

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተየብኩት ቃለ ጉባኤ እዚያ ነበር። አገኘሁት ወይስ ያለበትን ድሮም አውቅ ነበር፣ ይህን አልመልስም። የስብሰባው መጥሪያ ደብዳቤ ከሥሩ ተያይዟል። መጥሪያው ስብሰባው የሚደረግበትን ቀን ይናገራል፤ ቃለ ጉባኤው ከዚያ አንድ ቀን ይቀድማል። ከታች የእኔ ፊርማ አለ። ከእኔ ሥር የእሱ።

ወረቀቱን ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ቀኑን በጣቴ አሳየሁት። ቀኑን አነበበና ቀና አለ።

«የአንቺም ፊርማ አለበት።»

«ከእርስዎ በላይ ነው ያለው። አይቼዋለሁ።»

«ጡረታሽ ደርሷል። ምን አገባሽ?»

«ስብሰባው እፎይ ጋ ይደረግ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሴቶቹ ወደ ገበያ ሲወጡ።»

«እምቢ ብልስ?»

«ይህን ወረቀት ምክር ቤቱ ፊት አነበዋለሁ። እሺ ካሉ እፎይ ጋ አነበዋለሁ። የቱ እንደሚሻልዎ እርስዎ ያውቃሉ።»

ለመውጣት በሩን ስይዝ፣ «ወንበር የሚያመጣው ማነው?» አለ። መስማማቱ መሆኑን ከዚያ አወቅሁ።

«ወንበር አያስፈልግም» አልኩት።

ቅዳሜ ወንበርም ብስኩትም አልነበረም። ስንዱና ሌሎች አሽከርካሪዎች ባጃጃቸውን ከታች አቁመው መጡ። ሴቶቹ እየደረሱ በየተራ ሸክማቸውን እፎይ ላይ አሳረፉ። ከገሳይ በኩል ሕመምተኛ ይዘው የመጡ ሁለት ሰዎችም ቆሙ። ኃላፊው ከመኪናው ብዙም አልራቀም።

መሐንዲሱ ካርታውን ዘረጋ። ወይዘሮ የሺ፣ «እሱን አጥፈውና ና ልጄ፣ ይችን ያዝልኝ» አሉት። ከረጢቱን አሸከሙት፤ ወደ ሁለተኛዋ ድንጋይ ወርዶ እስከ እፎይ ተመልሶ ወጣ። ሲደርስ ዝም ብሎ ሊቀመጥ ሲል ስንዱ፣ «መሬት ላይ አይደለም ኢንጂነር፤ ማን ያነሣሃል?» አለችው። ሴቶቹ ሳቁ። ጀርባውን ሰጥቶ ድንጋዩ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ገመዱ ትከሻው ላይ እንዳለ እርሳስ ጠየቀና ካርታው ላይ እፎይ ባለችበት ቦታ ምልክት አደረገ።

ያኔ የድሮውን ቃለ ጉባኤ አወጣሁ። ስብሰባው ሳይደረግ የተጻፈ መሆኑን፣ ዳገቱ የተከለከለውም በእሱ መሆኑን ተናግሬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ስሞቹንም አነበብኩ፤ መጀመሪያ የራሴን።

ወይዘሮ የሺ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ያኔ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር፤ ያን ሁሉ ሰው ፊት ለእሳቸው ሌላ ሸክም የምጨምር መሰለኝና ተውኩት። ከረጢታቸውን ማሰር ጀመሩ። ሲጨርሱ፣ «በይ አሁን ጻፊው» አሉኝ። ቆሜ ጻፍኩ። የሚፈርም ፈረመ፤ የማይችል ቀለሙን እፎይ ላይ አስቀምጠን በጣቱ ፈረመ። እኔ መጨረሻ ፈረምኩ።

መቆሚያው ተፈቀደ። ባጃጅ አሁን በዳገቱ ላይ በመስመር እየጫነ እፎይ ጋ ያወርዳል፤ ምልክቱ ከድንጋይዋ ጎን ተተክሏል። ሲመረቅ ኃላፊው ስለ ነዋሪው ተሳትፎ ረጅም ንግግር አደረገ። እኔ አልተጠራሁም። ንግግሩን የነገረችኝ ስንዱ ናት፤ ድንጋይዋን «እኛ ያገኘናት» ብሏል አለችኝ። ድንጋይዋ አልጠፋችም ነበር፤ እዚያው ነበረች።

ወይዘሮ የሺ ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ቅዳሜ ከስንዱ ባጃጅ ሲወርዱ ካገኘኋቸው ሰላም እንባባላለን። ከገበያው በእግራቸው ሲወርዱ ግን አሁንም ሁለተኛዋ ድንጋይ ላይ ያርፋሉ።

በእኔ ወንበር ለተቀመጣችሁ ጸሐፊዎች የምላችሁ ይህን ነው። ቃለ ጉባኤ ከስብሰባው በኋላ ይጻፋል። ስብሰባው የሚጠራው ነገሩ የሚነካው ሰው ባለበት ቦታ ነው። ቀን የሚለው ላይ የጻፋችሁበትን ቀን ሙሉ።