ውሃ የፈሰሰበት መታጠፊያ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዛሬ ካምፓላ፣ ናካሴሮ ገበያ አንዲት ሻጭ ደጇን ውሃ ስትረጭ፣ እርጥቡ ቀይ አፈር ሸተተኝና ቆምኩ።

ልጅ ሳለሁ አባባ በየዓመቱ ከካምፓላ ውጭ ወስዶ በአፈር መንገድ የሚካሄድ የመኪና ራሊ ውድድር ያሳየኝ ነበር። አንድ ዓመት ተመልካቾቹ መኪኖቹ ሲንሸራተቱ ለማየት፣ እንደ ልማዳቸው የመንገዱ መታጠፊያ ላይ በጀሪካን ውሃ አፈሰሱ።

«ዘንድሮ ውሃው በዛ» አሉ በቆሎ የሚጠብሱት እማማ።

«በየዓመቱ እንዲህ ይላሉ፤ ይልቅ በቆሎው እንዳያርርብዎ!» ብሎ አባባ ሳቀ።

ከመንገዱ ዳር ካለው የሸንኮራ ማሳ ጀርባ ሞተር ሲያጓራ ወፎቹ ሁሉ ተነሡ።

አሁን የሻጯ ውሃ እግሬ ሥር ደርሷል። እኔ ግን የምሰማው አባባ እጄን ለቆ ወደ መታጠፊያው ሲሮጥ ያለኝን የመጨረሻ ቃሉን ነው፤

«እማማ ጋ ቁሚ፤ ይቺን መኪና ብቻ ከቅርብ አይቼ መጣሁ።»