የጸሎት ቤቱ ማሾ

ሰው ሁሉ አመል አለው፤ የእኔ አሮጌ መብራት ነበር። በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ በአንድ እጄ የተማሪ ደብተር፣ በሌላው የዛገ ፋኖስ ይዤ ነው የሚያገኘኝ። ጣሊያን ጥሎት የሄደ ፋኖስ ይሁን፣ ላንጋኖ ዳር ድንኳን ተክለው የሰነበቱ ፈረንጆች የተዉት የናስ ምድጃ ይሁን፣ ወይ ከኩየራ ሚሽን ዕቃ ቤት የወጣ፣ በአየር እየተነፋ የሚበራ ማሾ፣ ብቻ ላምባ ጠጥቶ የሚያውቅ ነገር ከሆነ እኔ ቤት ይገባል። ቆራሌዎቹ ቤቴን ከዘመዶቼ ይልቅ ያውቁታል። ባለቤቴ፣ «እኔን ልታገባ ሽማግሌ ስትልክ እንኳ ዓይንህ እንዲህ አልበራም» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። የሚያስቀው ነገር፣ ላምባ በቀበሌ ሱቅ በራሽን ስለሆነ ሠላሳውንም መብራቶች አንድ ላይ አብርቻቸው አላውቅም። ጠግኜ፣ ለኩሼ አይቼ፣ መልሼ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ። ወዲያው አቧራ ይለብሳሉ።

ጸሎት ቤታችን የታሸገ ሰሞን ጴንጤ መባል ራሱ ያሳስር ነበር። ከበሮው ተወሰደ፣ የመዝሙር ደብተሮቹም ተወሰዱ። የተረፈው ማሾው ብቻ ነበር፤ እሱም ጋሼ ለጥገና ቤታቸው ወስደውት ስለነበር ነው። ጋሼ የምላቸው የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ናቸው፣ አናጢ። አግዳሚዎቹን የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ስንት ዓመት ሙሉ በየምሽቱ በርጩማ ላይ ወጥተው ማሾውን የሚሰቅሉትም እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሁሩታ ስንዴ የመጣልኝ አስመስለው በጆንያ ተሸክመውት መጡ።

«ከመብራቶችህ መሀል አስቀምጥልኝ» አሉኝ። «ቤቱ ሲከፈት መልሰን እንሰቅለዋለን። እስከዚያ አትንካው፣ እንደቆሸሸ ይቀመጥ።»

እሺ ጋሼ አልኳቸው። ግን ቅር አለኝ። አትንካው! እኔን? ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ የተበላሸ ማሾ ያለው ሰው ሁሉ የሚፈልገኝን ሰውዬ? ሙያዬን የናቁት መሰለኝ። በሳምንቱ ጋሼ ታሰሩ።

ሁለት ሳምንት ቻልኩ። ከዚያ ጥቀርሻውን ብቻ ልጥረግለት ብዬ አወረድኩት። ጥቀርሻው ሲነሳ ናሱ ታየ፤ ናሱን በሎሚና በአመድ ፈተግኩት። ናሱ ሲያምር የመንፊያው ቆዳ ማለቁ አንገበገበኝ፤ ከሞጆ ቆዳ ፋብሪካ ቁራጭ አስመጥቼ፣ ዘይት አጠጥቼ፣ በልኩ ቆረጥኩለት። የምትበራዋን፣ የሕፃን ካልሲ የመሰለችዋን ነጭ መረብ ደግሞ ከአሰብ የሚመላለስ ሾፌር ለምኜ አገኘሁ። ጋሼ ሲፈቱ ያዩታል፣ ያኔ ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ እያልኩ ነበር የምሠራው። ሲያልቅ ፊቴን አየሁበት። ከዚያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? መሀል መደርደሪያ ላይ ጎለትኩት።

ወር ሳይሞላ የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት አብዮት ጠባቂ አስከትሎ ቤቴ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አካም ጅርታ ብሎ፣ ጨብጦኝ፣ ልጆቼን ጠይቆ ነው ወደ ጉዳዩ የገባው። ስብሰባ በተደረገ ቁጥር መብራት ይጠፋባቸዋል፤ ሠላሳ መብራት ያለው ጓድ ደግሞ ለሰፊው ሕዝብ አንዱን አይነፍግም አለኝ። አልነፍግም አልኩ። ማን አባቴ ሆኜ እነፍጋለሁ? መደርደሪያው ፊት ቆመና እጁ ሳያመነታ መሀል ላይ በሚያንጸባርቀው ማሾ ላይ አረፈ። ጋሼ አትንካው ያሉኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ሙያዬን ንቀው አልነበረም። ከሠላሳ አቧራ የለበሰ መብራት መሀል አንድ ጥቀርሻ የለበሰ ማሾ ማን ያያል ብለው ነው።

እሱ እንኳ አይረባም፣ ያፈሳል አልኩት። እስቲ ለኩሰው አለኝ። ለኮስኩት። እጄ ይሰበርና፣ አንዴ እንኳ አልተንተፋተፈም። ሊቀመንበሩ ሳቀ፣ ማሾውን አብዮት ጠባቂው አንጠለጠለው፣ እኔም በየቅዳሜው እየመጣሁ እንዳበራ ተመደብኩ።

የቀበሌው አዳራሽ ማለት የእኛው ጸሎት ቤት ነው። እሽጉ ተነስቶ፣ ግድግዳው ላይ መፈክር ተጽፎ፣ የጋሼ አግዳሚዎች እንደነበሩ ተደርድረው ጠበቁኝ። ማሾው የሚሰቀልበት መንጠቆ እንኳ ያው ነው። በጋሼ በርጩማ ላይ ወጥቼ ሰቀልኩት። ሊቀመንበሩ ያን ምሽት የተናገረውን ዛሬም ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ባለቤቴ መላ አመጣች። ላምባው የሚወጣበትን ቀዳዳ የምትጠርግባትን መርፌ አትያዝ፣ ቀዳዳው በጥቀርሻ ይደፈን፣ ተበላሸ በልና ወደ ቤት አምጣው፣ በቃ አለችኝ። ሳላጸዳው ሄድኩ። እንዳሰብነውም በስብሰባው መሀል መብራቱ ቢጫ እየሆነ መጣ። ሰዉ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ ጉልበቴን በጉልበቷ ተጫነችው። ትንሽ ቻልኩ። ማሾው ይንተፋተፋል፣ እኔ አግዳሚው ላይ እቁነጠነጣለሁ። ምን ልበላችሁ፣ ራሴን በርጩማው ላይ አገኘሁት። መርፌዋን ለካ በኮቴ ኮሌታ ሰክቼ ነው የመጣሁት። ቀዳዳውን ወጋ ሳደርገው መብራቱ ቦግ አለ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ባለቤቴ እስከ ቤት ድረስ ጥላኝ ቀድማ ሄደች፤ እኔም በራሴ ቆሽቴ አሯል።

ጋሼ የተፈቱት ሁለት ክረምት ቆይተው ነው። ከእስር የተፈታ ሁሉ በየቅዳሜው ስብሰባ መገኘት አለበት። ከስተው፣ ኮታቸው ሰፍቷቸው ገቡና መጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ድሮ በሚቀመጡበት ቦታ ተቀመጡ። እኔ መንፊያውን ይዣለሁ። ቀና ብለው ማሾውን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ያን ቀን ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ስንት ጊዜ ያጠናሁት ይቅርታ ነበረኝ፤ መንፊያውን መንፋት ቀጠልኩ።

ስብሰባው ሲበተን ማሾውን አጥፍቼ ለጥበቃው ማስረከብ የእኔ ሥራ ነው። ሰዉ ወጣ፤ ጋሼ አልወጡም። አጠገባቸው ሄጄ ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፌን ስከፍት ክንዴን ያዙኝ።

«ቆንጆ አድርገህ ሠርተኸዋል» አሉኝ። «ሳታጠፋው ትንሽ አቆይልኝ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ያ ቤት ከታሸገ ወዲህ በዚያ መብራት ሥር ሲጸለይ የመጀመሪያው ነው። ጥበቃው በሩ ላይ ቁልፉን እያንቃጨለ፣ መምህር አጥፋው እንጂ አለ። ያልሰማሁ መስዬ አግዳሚዎቹን ማስተካከል ጀመርኩ። ድጋሚ ሲጣራ ድምፁ ተለወጠ፣ እግሩም ወደ ውስጥ ገባ። ማሾ በችኮላ ከጠፋ ይበላሻል ልለው እችል ነበር፤ ስለ ማሾ እኔ ያልኩትን ማን ያስተባብላል? እኔ ግን በርጩማው ላይ ወጣሁና አየሩን የሚያስወጣውን ቡሎን ፈታሁት። አየሩ እየተነፈሰ ብርሃኑ ቀላ፣ ደከመ፣ ጠፋ።

ጋሼ ገና አሜን አላሉም ነበር።