ጥይት የማያውቀው ጠመንጃ

ሙት ወቃሽ አያድርገንና አባ ጭቃ ውሸታም ነበሩ። እሳቸው የያዙት ዓሣ ከተያዘ በኋላ ነው የሚያድገው፤ ሰኞ ጣት ያክል የነበረው ዓርብ ሲደርስ ክንድ ያክላል። ይህን ከልጅ ልጃቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሙያውንም የለመደችው እሳቸው ጫካ ለጫካ ሲዞሩ የቀደዱትን ሱሪ ስትጥፍ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩት ሊፍት ውስጥ ነበር። የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሊፍት ውስጥ፣ ቁም ሣጥን በምታህል ክፍል፣ ሰው ሲያወጡና ሲያወርዱ ኖሩ። ታዲያ ቅዳሜ ከሥራ ሲወጡ ዩኒፎርማቸውን እዚያው ሰቅለው፣ ድንኳናቸውን ተሸክመው እግሬ አውጪኝ ነው። እሑድ ሲመለሱ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ በጭቃ ናቸው፤ ስማቸውም ከዚያ መጣ። ልጃቸው፣ ማለትም የልብስ ሰፊዋ እናት፣ ባልዲና ብሩሽ ይዛ በር ላይ ትጠብቃቸዋለች። ወለሏን ከሰው አስበልጣ የምትወድ ሴት ናት። "አባዬ፣ ጫማ" ሳትል እንዴት ዋልክ ያለችበት ቀን የለም። አንድ ጊዜማ "ባቴን ሽቦ ቦጨቀኝ" ብለው እያነከሱ ሲመጡ፣ "ዓይንህ የት ሄዶ ነበር?" እያለች ወር ሙሉ ነዘነዘቻቸው።

ጠመንጃም ነበራቸው፤ ከአባታቸው የወረሱት፣ ዝገት የበላው። ዝናው ሰፈሩን ያዳርስ እንጂ በእሳቸው እጅ ጥይት ቀምሶ አያውቅም። ድንኳን ይወጥሩበታል፣ ድስት ያንጠለጥሉበታል፣ ዳገት ሲሆን ይመረኮዙታል።

በሰማንያ አራት ዓመታቸው አልጋቸው ላይ ሞቱ። ሊሞቱ ሲሉ እንኳን ከሰው ጋር ተጨቃጭቀው መስኮቱን አስከፍተዋል።

እናትዬው የቢሮ ጸሐፊ ናትና የሕይወት ታሪካቸውን አሳምራ ጻፈችው። ቀብር ላይ የምታነበው፣ ድምፅዋ ጎላ ስለሚል፣ ልጅቷ እንድትሆን ተወሰነ። ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ስታየው ደሟ ፈላ። "የገበሬውን ድንች ሲያወድም የከረመውን ከርከሮ በአንዲት ጥይት ግንባሩን ብለው የጣሉ ቆራጥ አዳኝ" ይላል።

"ይሄን አላነብም" አለች።

"ለምን? አገር ያወቀውን?"

"አገር የሚያውቀው አባባ ያወራውን ነው።"

"አንቺ ልጅ፣ ዛሬ እንኳን አታድርቂኝ። አንብቢና ገላግዪን።"

ከርከሮው የሞተ ቀን ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ እዚያው ነበረች። "እኔ እስክሞት ትንፍሽ እንዳትዪ" ብለው አስምለዋታል፤ ሃያ ሁለት ዓመትም ትንፍሽ አላለችም። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን የምትወደው ቀን የለም። ወረቀቱን እንዳለ ካነበበችው ያ ቀን አብሮ ይቀበራል። የምትሸኘውም አያቷን ሳይሆን እሷ የማታውቀውን አንድ ጀግና ነው።

ቀብሩ ላይ ማንበብ ጀመረች። የከርከሮው መስመር ጋ ስትደርስ ቆመችና ወረቀቱን አጠፈችው።

"ከርከሮውን የገደለው የአሸዋ መኪና ነው" አለች።

እናቷ ክርኗን ቆነጠጠቻት። እሷ ግን አንዴ ጀምራለችና ቀጠለች። ከርከሮው ከቁጥቋጦው ሲወጣ አባ ጭቃ ቆሌያቸው ተገፎ ጠመንጃውን ወረወሩት። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት አያትና የልጅ ልጅ ዛፍ ላይ ተሰቅለው ዋሉ። ከርከሮውም ከሥር ጋደም ብሎ ይጠብቃቸዋል። ልጅቷ ማልቀስ ስትጀምር ሽማግሌው የሊፍት ሥራቸውን ጀመሩ። "አራተኛ ፎቅ፣ ሒሳብ ክፍል" ይላሉ ቅርንጫፋቸው ላይ ሆነው። "ወራጅ አለ?" ይሉና ወደ ታች አየት አድርገው፣ "የለም፣ እንቀጥል።" በመጨረሻ ከርከሮው ሰልችቶት መንገድ ሲሻገር የአሸዋ መኪና ጠረገው። ሹፌሩ መንጃ ፈቃድ አልነበረውም፤ አባ ጭቃ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ አጋጥሟቸው አያውቅም። ሁለቱም ምስጢሩን ሊጠብቁ ተጨባብጠው ተለያዩ።

ከኋላ አንዱ ሳቁን ማፈን አቃተው፤ ከዚያ ቀብርተኛው ሁሉ ተከተለው። የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባቸው "ድሮም ጠርጥሬ ነበር" እያለ እንባውን ይጠርጋል።

"ገና አልጨረስኩም" አለች። "ዛፉ ላይ መጀመሪያ የወጣሁት እኔ ነኝ። ትከሻው ላይ አቁሞ ገፋኝ፤ ቅርንጫፉን እስክይዝ ድረስ ከሥሬ ንቅንቅ አላለም። ከርከሮው ባቱን የቦጨቀው ያኔ ነው። በሸሚዙ አሥሮት፣ እሱ እየደማ ነው እኔን ሲያስቀኝ የዋለው። ጥይት ተኩሶ አያውቅም። እኔ ግን እንደሱ ያለ ወንድ አላየሁም።"

ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው የለም።

ከቀብር ሲመለሱ እናትዬው ደጃፉ ላይ ቆመች። ባልዲውና ብሩሹ በር ላይ እንደተቀመጡ ናቸው።

"ሽቦ ነው ያለኝ" አለች እነሱን እያየች። "ቁስሉን ያጠብኩለት እኔ ነኝ። ምናለ እውነቱን ቢነግረኝ?"

"ቢነግርሽ ሁለተኛ ከሱ ጋር ትልኪኝ ነበር?"



"ብሞት አልልክሽም ነበር።"

"ለዚህ ነዋ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

እናትዬው ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ባልዲውን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ የመቃብሩን ጭቃ ሳታራግፍ ወደ ቤት ገባች።