ለልጄ የተተወው ተራ

የያዙኝ ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ከምጽፍበት ጃንጥላ ሥር ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው «አባት፣ ለአምስት ደቂቃ እንፈልግዎታለን» አለኝ። እስክሪብቶዬን ከድኜ ተነሣሁ። ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ላሉ፣ ቤታችሁ ሊፈርስ ነው ለተባሉ ጎረቤቶቼ አቤቱታ ጽፌላቸው ነበር፤ እሱ ሕዝብ ማነሳሳት ተባለ። አምስቱ ደቂቃ አራት ወር ፈጀ።

ክፍሉ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ጫማ ነው። በሩ ሥር ወደ ሠላሳ ጥንድ ተደርድሯል። የሰዉን ብዛት ከጫማው ነው የተረዳሁት። ግድግዳው ሰው ሲደገፍበት ኖሮ እስከ ትከሻ ድረስ ጠቁሯል። ጥግ ላይ ክዳን የሌለው ባልዲ አለ። የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የምንለው፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። «አባት፣ እዚህ ሦስት ነገር ክልክል ነው» አለኝ። «ስርቆት፣ ጥል፣ የሰው ወግ ማቋረጥ።»

ሦስተኛው ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከምሳ በኋላ ተራ የደረሰው ሰው በዓይኑ ያየውን አንድ ነገር ያወራል። የሰማውን ሳይሆን ያየውን። እስኪጨርስ ማንም አፉን አይከፍትም፤ ጥያቄም ስድብም ከዚያ በኋላ ነው።

የእኔ ተራ በዘጠነኛው ቀን ደረሰ። አስተማሪ ሳይኖረኝ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ የሕግ መጽሐፍ እንኳ ብቻዬን ታግዬ ነው ያነበብኩት። እንዲህ ያለ ሰው ወግ ሲጀምር ምክር ይሆንበታል። ያን ቀንም ወጣቶቹን ልመክር አስቤ፣ ከዓመታት በፊት ልጄን ከአንድ የጃዝ ኮንሰርት ያወጣሁበትን ቀን ነገርኳቸው።

ልጄ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ፒያኖ ትማራለች፤ እኔ አልወደድኩላትም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ከባንድ ጋር እንደምትጫወት ነግራ ትኬት ሰጠችኝ። ኮቴን ለብሼ ሄድኩ። ከመጀመሩ በፊት ከመድረኩ ጀርባ ወስዳ ከሙዚቀኞቹ ጋር አስተዋወቀችኝ። ሳክስፎን የሚነፉት ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ።

«ልጅዎ ጆሮ አላት» አሉኝ።

«ጆሮማ ማን የሌለው አለ? ለመሆኑ ከዚህ ሌላ ምን ይሠራሉ?»

«ከዚህ ሌላ? እተኛለሁ» አሉ።

ሁሉም ሳቁ። ልጄም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ሙዚቃ ደስ ብሎኛል። ቅኝቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የሚሄድበትን መንገድ ግን አላውቀውም ነበር። እግሬ ሳላዘው ወለሉን ይመታል። ሁለተኛው ላይ ሳክስፎኑ ብቻውን ወጣ። ልጄ እጆቿን ከፒያኖው አንስታ ጭኗ ላይ አሳረፈች። ደቂቃዎች ሄዱ። ሰዉ ለሽማግሌው አጨበጨበ። ቀጥሎ ጊታሩ ጀመረ። እሷ አሁንም እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ወንዶቹ ይጫወታሉ፣ የእኔ ልጅ በቀሚሷ ትታያለች። ለጌጥ አስቀመጧት ብዬ ደሜ ፈላ። ደረጃውን ወጥቼ ክንዷን ያዝኩና «ተነሽ፣ ወደ ቤትሽ!» አልኳት።

«እሺ አባባ» አለች።

አዳራሹ እያየን ወጣን። ከዚያ ቀን በኋላ ፒያኖ ነክታ አታውቅም።

ለእስረኞቹ የነገርኳቸው ግን በዚህ ቃና አልነበረም። «ልጄን ከሰው መጫወቻነት አዳንኳት፤ ዛሬ የመንግሥት ሠራተኛ ናት» ብዬ ነው የጨረስኩት።

«ጎሽ!» አለ ካቦው።

«አባት፣ የእኔ ፋዘር ቢሆኑ ኖሮ እዚህ አልገኝም ነበር» አለ አንድ የሰፈር አራዳ። «ገና በአስር ዓመቴ ከአገር እጠፋ ነበር!»

ክፍሉ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ መስኮቱ ሥር የተቀመጠ ባለ ረጅም ፂም ሰው እጁን አወጣ። ኢንተርኔት ላይ በጻፈው ነገር የታሰረ ነው። ዘጠኝ ቀን አንድ ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን ተኝተናል።

«ቤዝ ጊታር፣ ያን ከሥር የሚያጎራውን ወፍራም ድምፅ፣ የምጫወተው እኔ ነበርኩ» አለ። «ከመድረክ ጀርባ ጨብጠውኛል። ያኔ ፂም አልነበረኝም። እኔ ግን ገና በዚህ በር ሲገቡ ነው ያወቅኩዎት።»

የሳቀ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«ጃዝ ላይ ተራ አለ፣ አባት። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ ይኸው እንደዚህ እንደ ክፍላችን። መጀመሪያ ሳክስፎን፣ ከዚያ ጊታር፣ ሦስተኛ እሷ ነበረች። ጊታሩ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ነው የወሰዷት።»

«አላወቅሁም» አልኩ።

«አላወቁም። እኛም የምንይዘው የምንጨብጠው ጠፋን። ሽማግሌው በዓይናቸው ቀጥሉ አሉን፤ እሳቸው ግን ሳክስፎኑን ወደ አፋቸው አላስጠጉም። ተራዋን ማንም አልወሰደባትም። እኔና ድራሙ ከሥር ከሥር እየሄድን ላዩን ባዶ ተውንላት። ሰዉ ተበላሸባቸው ብሎ አጉረመረመ። እስኪያልቅ አልነካነውም።»

በቁጣ አልተናገረም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ካቦው ፊቴን አየና «የዛሬው ይብቃ» አለ።

ያሳሰረኝ አቤቱታ ውስጥ «ሳይሰሙን ወሰኑብን» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። መርማሪው ከሥሩ በቀይ አስምሮበት ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ዐረፍተ ነገር እኮራ ነበር። ያን ቀን ከሰዓት ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ጸሐፊው ማን እንደሆነ አሰብኩ።

ለልጄ ደብዳቤ ልጽፍላት አሰብኩ። ከተፈታሁ በኋላ፣ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ልንገራት ብዬም አሰብኩ። ሁለቱም የፈሪ መንገድ ነው። ያዋረድኳት በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውም በሰው ፊት መሆን አለበት።

ጠያቂ የሚገባው ቅዳሜ ነበር። እኛ በአንድ የሽቦ አጥር፣ ቤተሰብ በሌላ የሽቦ አጥር ቆመን፣ በመሃል ፖሊስ እየተመላለሰ ነው የምንነጋገረው። ካልጮኹ አይሰማም፤ ከጮኹ ደግሞ ሁሉም ይሰማል። ልጄ የምግቡን ፌስታል አስረክባ ሽቦውን ይዛ ቆመች።

«አባባ፣ የደም ግፊቱን መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«ስሚኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ያን ቀን ከመድረክ ያወረድኩሽ ተሳስቼ ነው! ተራሽ እየመጣ እንደነበር አላወቅሁም! ይቅር በዪኝ!»

ግራና ቀኝ ያሉት ጩኸታቸውን አቆሙ። አንዲት እናት «ምን ሆነው ነው?» ብላ ጎረቤቷን ጠየቀች። ፖሊሱ ዞሮ አየኝ።

«ተራሽን ማንም አልነካውም! ባዶውን ትተው ጠበቁሽ! ቤዝ የሚጫወተው ልጅ እዚህ አብሮኝ ታስሯል፣ እሱ ነው የነገረኝ!»

ፊቷን ወደ ሽቦው አስጠጋች። ከዚያ እሷም ጮኸች።

«ስንት ዙር?»

ጥያቄው አልገባኝም። ዞር ብዬ ከኋላዬ የቆመውን ባለ ፂም አየሁት። እሱ ገብቶታል። ክንዱን ከራሴ በላይ ዘርግቶ ሁለት ጣቱን አሳያት፤ ሙዚቃው ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ እስኪዞር ባዶውን ጠብቀውላት እንደነበር በኋላ ነገረኝ። ልጄ ጣቶቹን አየች፤ ከዚያ ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳበች። ፊሽካ ተነፋና አስወጧቸው።

ከተፈታሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ዛሬም ማመልከቻ እጽፋለሁ። ልጄ ወደ ፒያኖው አልተመለሰችም፤ ጣቶቼ ደርቀዋል ትላለች። እኔ ግን በአጥሩ በኩል በመጮሄ ጥፋቴን የካስኩ መስሎኝ ኖርኩ። ባለፈው እሁድ ምሳ በልተን ሳህን እያጠበች ነበር።

«አባባ» አለችኝ ሳትዞር፣ «እኔን የሚያንገበግበኝ መጥተው መውሰድዎ አይደለም። እሺ ማለቴ ነው።»

እሺ ማለትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ገና አፏን ስትፈታ ጀምሬ፣ በምክርም በቁንጥጫም። ለዚህኛው ይቅርታ እንዴት እንደሚጠየቅ አላውቅም። ፎጣውን አንሥቼ አጠገቧ ቆምኩና ያጠበችውን ሳህን እየተቀበልኩ ማድረቅ ጀመርኩ።